መኪናው ነፍስ ካለው

ታናሹ ልጄ መኪናውን ከቤታችን በታች ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ያቆመው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እንደ ወትሮው ከጋራው ላይ ጥሩምባውን እየነፋ አልመጣም። ቀስ ብሎ መጣ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶም ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ፊቱ ቢጫ ሆኖ ነበር። «ጉበትህን ነው አሉኝ፤ ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ» አለኝ። ቁልፉን ለአባቱ ሰጠና ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። ከዚያ በእግሩ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ወጣ። የደብረ ብርሃን ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ጻፉለት፤ አዲስ አበባም ብዙ አላቆየውም። ሬሳው በሰው መኪና ተጭኖ መጣ። የራሱ መኪና ከካቡ ሥር ቆሞ አየው።

ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት ፒክአፕ ነበር። ገብስ ይጭንበታል፣ በግ ይጭንበታል፣ ምጥ የያዛት ሴት ይጭንበታል። ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነስቶ ወደኛ ሲመጣ ጋራውን የሚወጣበት ድምፅ ሌላ መኪና የለውም። ያቃስታል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተነፍሳል። እኔ በድምፁ ውኃ እጥድ ነበር፤ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪደርስ ይፈላል።

መኪና ደጅ ሲቆም ባንድ ጊዜ አይሞትም። መጀመሪያ ጎማዎቹ ዝቅ አሉና እንደ ደከመ አህያ ተንበረከከ። ታላቁ ልጄ ሸራ አለበሰው፤ የእኛ አገር ነፋስ ሸራውን ባንድ በጋ ቦጫጨቀው። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ዝገቱ ከበሩ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ሳሩ በጎማዎቹ መሐል አደገ። በጎቹ ጀርባቸውን ያሹበት ነበር። አንዷ ዶሮ በተሰበረው መስኮት ገብታ በሾፌሩ ወንበር ላይ ጫጩት ፈለፈለች፤ ማንም ሊያስወጣት እጁን አላነሳም። ባለቤቴ ማታ ማታ በጎቹን ሊያስገቡ ሲወርዱ መኪናውን አንድ ጊዜ ሳይዞሩት አይመለሱም ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ሰው ሐዘኑን በሚያስቀምጥበት ቦታ አይጠየቅም።

ልጄ ሚስትና ሴት ልጅ ነበረው። አርባው ከመድረሱ በፊት፣ እንደ ወጉ፣ ልብሱን ለነፍሱ የሚሰጥ ብለን ሰበሰብን። ጋቢው አለ፣ ኮቱ አለ፣ ጫማው አለ፤ ባናው የለም። ያ ባና ለሠርጉ የተሠራ ነው። የበጉን ጠጉር የፈተልኩት እኔ፣ የሸመኑት ባለቤቴ ናቸው፤ በዚያ ብርድ እሱን ለብሶ ነው የታመመውም። ታላቁ ልጄ ምራቴን እያየ፣ «ወደ እናቷ ቤት ልካው ይሆናላ» አለ።

«አይተሃል?» አልኩት።

«አላየሁም።»

«ካላየህ አፍህን ያዝ።»

እሱ አፉን ቢይዝም ወሬው አልተያዘም። ጎረቤት ሰማ። የሰማ ሁሉ ደግሞ አየሁ ማለት ጀመረ። ምራቴ አንድ ቃል ሳትመልስ ተዝካሩን አወጣች፣ ልጇን አዘለች፣ የራሷን ልብስ ብቻ በነጠላ ቋጥራ መሐል ሜዳ ገባች። ሌባ በተባለችበት ቤት እንዴት ትቀመጥ? እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የጎጆውን በር ገንጥዬ ነበር የምሄደው።

እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ልጅቷን ለበዓል ለበዓል ትልክልኛለች። አራተኛው ክረምት ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ራሷ መጣች። ደጃፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ «እማማ፣ አረብ አገር ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ልጅቷስ?»

«እርስዎ ዘንድ ትሁንልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እናት ያላትን ልጅ እኔ ምን በወጣኝ ነው የማሳድጋት?»

«ዳቦው ኪራዩን እንኳ አልችል አለኝ እማማ። ምን ላድርግ?» አንገቷን ወደ ካቡ አዞረች። «ያ ቢነሳ ወንድሜ ይነዳው ነበር። እሱም የሰው መኪና ከመንዳት ይወጣ ነበር፤ እኔም ልጄን ጥዬ የትም አልሄድም ነበር። ምን ያደርጋል፣ የሞተ ብረት ነው።»

«ሞተ ያለሽ ማነው?»

«አያዩትም እንዴ? ዶሮ እኮ ጫጩት ፈልፍላበታል!»

«ዶሮ የፈለፈለችበት ነገር ሞተ አይባልም» አልኳት። «እስከ ሁዳዴ መያዣ ቆይኝ። ከዚያ በፊት ለማንም ደላላ እሺ እንዳትይ።»

እሺ አለች። ከተናገርኩት ቀን ጀምሮ ያ መኪና መኪና መሆኑ ቀረ። ከተነሳ ልጅቷ እናት አላት፤ ካልተነሳ የላትም።

ታላቁ ልጄ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ብዙ ልጆች አሉት፣ መሬቱ ጠባብ ነው። «መኪናው ሲገዛ የአባቴ በሬዎች ተሽጠውበታል። የቤቱ ነው። ለቆራሌው እንስጠውና ሁላችንም እንካፈለው፤ እሷም ድርሻዋን ትውሰድ» አለ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጥን።

«የሰውን ነገር ስትዳኚ ኖረሻል፤ እንግዲህ የራስሽን ተናገሪ» አሉኝ።

«የምናገረው እናንተው የምታውቁትን ነው» አልኩ። «ሰው በጉን በእርቢ ቢሰጠኝ፣ አርብቼ ግልገሉን ልካፈል እንጂ በጉ የእኔ ነው? አይደለም። ቢሞት እንኳ ሥጋውን በልቼ ዝም አልልም፤ ቆዳውን ወስጄ ለባለቤቱ አሳያለሁ። ይህ መኪና የልጄ ነው። ልጄ ሲሞት የሚስቱና የልጁ ነው። እኛ ደጃችን ስለቆመ ጠባቂዎች ነን እንጂ ባለቤቶች አይደለንም። በሬው የተሰጠው በስጦታ ነው፤ ስጦታ አይመለስም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በግና መኪና አንድ ነው?» አሉ።

«ሁለቱም ውርጭ ሲመታቸው አይነሱም» አልኳቸው።

ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን ፍርዱን ለሁለት ከፈሉት። «መኪናው ነፍስ ካለው የሟች ሚስትና ልጅ ይውሰዱት። ነፍስ ከሌለው ብረቱ ተሽጦ ለሁሉም እኩል ይከፈል» አሉ።

«ቆዳውም የባለቤቱ ነው!» አልኩ ተነስቼ።

«በቃ፤ ተፈረደ» አሉኝ።

ስንመለስ ታላቁ ልጄ ከኋላዬ እየተከተለ፣ «እማዬ፣ ብረት እንደ አልዓዛር አይነሳም እኮ» አለኝ።

«አልዓዛርን ጌታ ያስነሳው እኅቶቹ አልቅሰው ነው። ወንድም ድርሻዬን ብሎ ሲመጣ በወንጌሉ አልሰማሁም» አልኩት።

በጎች ሸጥኩና ከመሐል ሜዳ መካኒክ አስመጣሁ። ሆዱ የገፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት አንግቶ፣ መፍቻዎቹን በሌላ ከረጢት ይዞ ወረደ። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይሄ መካኒክ አይደለም የሚፈልገው፣ ፍትሐት ነው።»

«ፍትሐቱን ካህናቱ ያውቁበታል። አንተ ኮፈኑን ክፈት።»

ኮፈኑ ዝጎ አልከፈት አለ። ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ፣ በብረት ሲፈነቅለው፣ ሲጮህ ሲጮህ ተከፈተ። መካኒኩ ቀና አድርጎ አየና ወደ ኋላ ዘለለ።

«በስመ አብ! በግ ተኝቶበታል!»

ሁላችንም ተጠጋን። ሞተሩ አይታይም። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ጠጉር ለብሷል። መካኒኩ በእንጨት ነካ ሲያደርገው አይጦች ከውስጡ ፈልሰው በእግራችን መሐል ሮጡ። «እማማ፣ ደግሞ እኮ ቤተሰብ አለው!» እያለ ጠጉሩን እየጎተተ ማውጣት ጀመረ። ከላይ ያለው በስብሶ በእጁ ተበጠሰ። ከሥር ያለው ግን ጨርቅነቱ አልጠፋም ነበር። ሲዘረጋው ጥቁሩ ጠርዝ ታየኝ። ያንን ጥቁር ክር ከጥቁር በግ ለይቼ የፈተልኩት ራሴ ነኝ።

ታላቁ ልጄም አወቀው። ባለቤቴ ከካቡ ማዶ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ነበር።

«አንቱ፣ ይህ ባና እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከባናው አላነሱም።

«ሴትዮዋ ሌባ ስትባል አልሰሙም ነበር?»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ?»

«ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ ‹አባዬ፣ ሞተሩን ውርጭ እንዳይመታው አደራ› ብሎኝ ነበር» አሉ። «ኅዳር ገባ፤ ውርጩ መጣ፤ እሱ አልመጣም። በምን ላልብሰው? እሱን ያሞቀው ባና ነው፣ ሞተሩንም ያሞቀዋል ብዬ ጠቀለልኩት። ውርጩ ሲያልፍ ላነሳው ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው ልጁ የተኛ መሰለኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።»

«ሌባ ስትባልስ?»

«ለነፍሱ የሚሰጠውን ልብስ ለብረት አለበሰ እንዳልባል አፈርኩ። ያን ቀን ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም ያለ ሰው በማግሥቱ ምን ብሎ ይጀምራል?»

ያንን ባና የሸመኑትን እጆች ይዤ መሳም አማረኝ፤ ያንኑ ምርኩዝ ነጥቄ በምድር ላይ መምታትም አማረኝ። ለልጃቸው አደራ ብለው የልጃቸውን ሚስት ሜዳ ላይ ጣሏት። ሐዘን ሰውን ደግ ያደርጋል የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ሐዘን የራስን እንጂ የሌላውን አያሳይም።

«ነገ መሐል ሜዳ ይሄዳሉ» አልኳቸው። ወደ ታላቁ ልጄም ዞርኩ። «አንተም።»

«የአባዬ ጥፋት እንጂ የእኔ ምንድን ነው?»

«እሳቸው ማውራት ሲገባቸው ዝም አሉ፤ አንተ ዝም ማለት ሲገባህ አወራህ። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ፤ ፊት ለፊቷ ትናገራላችሁ።»

መካኒኩ ባናውን እንደያዘ፣ «ይሄንን የት ልጣለው እማማ?» አለኝ። ከእጁ ተቀብዬ አጣጠፍኩት። የሚታጠፍ ነገር ግን አልነበረውም።

አባትና ልጅ በማግሥቱ ሄዱ። ባለቤቴ ከሐዘኑ ወዲህ መሐል ሜዳ ረግጠው አያውቁም ነበር። ማታ ሲመለሱ፣ «ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁ። «‹ይቅር ለእግዚአብሔር› አለች» አሉኝ። «ሌላስ?» «ዳቦ ሰጠችን። በልተን መጣን።» እሷ ግን አብራቸው አልመጣችም። እኔም አልጠበቅሁም። ይቅርታ የሚነደውን እሳት ያጠፋል እንጂ የተቃጠለውን ጎጆ አይመልስም።

መካኒኩ እኛ ቤት ሰንብቶ ሠራ። ያ የጠጉር ጉዳይ ሞተሩን ሊገድለው ይችል እንደነበር ነገረን። ጠጉሩ የክረምቱን እርጥበት ይዞ አምቆ ብረቱን አዝጎታል፤ አይጦቹም ሙቀት አገኘን ብለው ገብተው የመብራቱን ገመድ ሁሉ በልተውታል። ከዚያ ግን ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን የጎማ ቱቦ አሳየኝ። ግማሽዋ በአይጥ ተበልቷል።

«እማማ፣ ይቺን ያያሉ? ውኃው በዚች ፈስሶ አልቋል። ባያልቅ ኖሮ የናንተ አገር ውርጭ ውኃውን በረዶ አድርጎ ሞተሩን እንደ እንቁላል ይሰነጥቀው ነበር። ጌታው ሊያሞቁት ብለው አይጥ ጠሩ፤ አይጧ ውኃውን አፈሰሰች፤ ሞተሩም ተረፈ። እኔ ታዲያ ማንን ላመስግን?»

«እግዚአብሔርን» አልኩት።

«እሱንማ። ከዚያ ቀጥሎ አይጧን።»

ባለቤቴ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ መካኒኩን ትተውት አልሄዱም። መፍቻ ያቀብላሉ፣ ቡሎን ይሰበስባሉ። ናፍታው ከነዳጅ መያዣው ከሰልባቲዮው ሲወጣ እንደ ጠላ አተላ ወፍሮ፣ ከሥሩ ውኃ አቁሮ ነበር፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ዘይቱ ተለወጠ፣ ፊልትሮው ተለወጠ፣ የተበላው ገመድ አንድ በአንድ ተቀጠለ። ከሁሉ የከፋው ሞተሩ አልዞር ማለቱ ነበር። መካኒኩ ከፊቱ ትልቅ መፍቻ ገጥሞ በሙሉ ጉልበቱ ሲጫነው ንቅንቅ አላለም። ላቡን ጠርጎ እኔን አላየኝም። ያኔ ነው የፈራሁት፤ ያ ሰው ቀልድ ባለቀበት ጊዜ።

«ከውስጥ ተጣብቋል» አለ። ከሞተሩ ራስ የተሰኩትን ትንንሽ ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳቸው ዘይትና ናፍታ ቀላቅሎ አፈሰሰ። «ይጠጣና ይደር። እናንተም ጸልዩ፤ የኔ እዚህ ላይ ያበቃል።»

በማግሥቱም አልዞረም። እንደገና አጠጣው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭቶ ሳለ፣ መፍቻውን ሲጫነው ከውስጥ እንደ ጉልበት መገጣጠሚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መካኒኩ ቆመ። ደግሞ ተጫነ። ዞረ። ጥቂት ነው፣ የጣት ያህል፣ ግን ዞረ። ታላቁ ልጄ እርሻውን ትቶ መጥቶ ቆሞ ነበር። መዞሩ ድርሻውን እንደሚወስድበት ያውቃል። ሆኖም መፍቻውን በሌላው ጫፍ ይዞ አብሮ ጎተተ። ይህን ስናገር አልደብቅለትም፤ ጎትቷል።

ፍሬኑ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ስለነበር በመዶሻ እየተመታ ለቀቀ። የጎማዎቹ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪዎቹ፣ ተለውጠው ጎማዎቹ ተነፉ፤ መኪናው ቀና አለ። ግን በነዚያ ሁሉ ክረምቶች የሰመጠበት ጉድጓድ አልለቅ አለው። ሰው ገፋ፣ አልሆነም። ታላቁ ልጄ በሬዎቹን ጠምዶ አመጣና በሰንሰለት አሰራቸው።

«በሕይወቴ በበሬ የተጎተተ መኪና አይቼ አላውቅም» አለ መካኒኩ።

«አንተ መቼ መንዝን አየህ? መሐል ሜዳ ተቀምጠህ!» አለው አንድ ጎረቤታችን። ሁሉም ሳቀ። በሬዎቹ ተጫኑ፣ ጭቃው ጮኸ፣ መኪናው ወጣ።

ከዚያ መካኒኩ ገብቶ ተቀመጠ። ቁልፉን ባለቤቴ ናቸው ከአንገታቸው ማተብ ላይ ፈትተው የሰጡት። ማስነሻው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ አጓራና ቆመ። ደግሞ አጓራ። ነጭ ጭስ ወጣ። ሳለ፣ ሳለ፣ እንደ ሽማግሌ ሳለና ባንድ ጊዜ ተነሳ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፤ እልልታው ግን አልወጣም። ድምፁ የልጄ ነው። ያው ማቃሰት፣ ያው መተንፈስ ነው። ከታች መንደር አንዲት የዕድሜ እኩያዬ፣ ልጄ ስንት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት የወሰዳት ሴት፣ ድምፁን ሰምታ ከቤቷ እየሮጠች ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች፣ «መጣህ ወይ ልጄ! መጣህ ወይ የሰው መከታ!» እያለች ዳገቱን ወጣች። እልልታው ተቆረጠ። ታላቁ ልጄ ከሁሉ ቀድሞ አለቀሰ፤ ፊቱን በበሬው ጎን ሸሽጎ አለቀሰ። ከዚያ ሁላችንም። በቀብሩ ቀን ያልመጣ ሰው እንኳ ያን ቀን መጣ። ሞተሩ እየጮኸ፣ እኛ ዙሪያውን ቆመን ሁለተኛ ለቅሶ ተቀመጥን።

መካኒኩ ግራ ገብቶት ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ተነሳ እኮ! ሰዎች፣ ተነሳ እኮ! ምን ሆናችሁ?»

ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩ። ነፍስ አለው አሉ። ምራቴ ከወንድሟና ከልጇ ጋር ሁዳዴ ሳይያዝ መጣች። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ከቤቴ ገባች፤ ያቀረብኩላትንም በላች። ባለቤቴ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አደራዬን ተረከቢኝ» አሏት። ጉልበታቸውን ሳመች። ታላቁ ልጄ ለልጅቷ ግልገል ሰጣት። ወንድሟ ነዳ፤ እናትና ልጅ ከፊት ተቀመጡ፤ ግልገሏ ከኋላ እየጮኸች ጋራውን ወጡ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆምን። ያን ቀን ፍርድ በአገሬ አለ ብዬ ተኛሁ።

ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤም ሳይርቅ ታላቁ ልጄ ከገበያ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ሸጠችው» አለ።

«ማን? ምኑን?»

«መኪናውን። ለራቤል ከተማ ሰው። ለአረብ አገር ጉዞዋ ከፍላበታለች።»

ባለቤቴ የሚሸምኑበትን መወርወሪያ አስቀመጡ። ልጄ ቀጠለ። «በሬ ጠምጄ ያወጣሁላት ለዚህ ነው? ለልጅቷ ነው ብለሽ አልነበር? ሽማግሌዎቹ ይሰብሰቡ። ለሥራ የተሰጠ ነው፤ ሸጣ ልትሄድ አይደለም። ተናገሪ እንጂ እማዬ!»

ብናገር ይሰሙኝ ነበር። ያንን አውቃለሁ። አፌ ድረስ መጥቶም ነበር። ግን በዚያ እሑድ ምን ብዬ ነበር? ባለቤቶች አይደለንም ብዬ ነበር። የሰው በግ የመለሰ ሰው፣ ባለቤቱ ሲያርደው ቢላዋውን መያዝ አይችልም።

«የሷ ነው» አልኩት። «የሷ ከሆነ መሸጡም የሷ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ወጥተህ በጎችህን አስገባ» አልኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ምራቴ ልጅቷን ይዛ መጣች። ደብተሯን፣ ልብሷንና ጫማዋን በአንድ ፌስታል ይዛላታለች። ልጅቷ ያቺን ግልገል ልታይ ወደ ታላቁ ልጄ ቤት ስትሮጥ እኔና እናቷ ብቻችንን ቀረን።

«ልነዳበት ነበር እማማ፤ ማለቴ ወንድሜ እየነዳ ልኖርበት ነበር» አለች። «እንጀራም ወጥቶልን ነበር። ግን ማታ ማታ ዳገቱን ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ልጅቷ የያዘችውን ጥላ፣ ‹አባዬ መጣ!› ብላ ትወጣለች። አጎቷ ሲወርድ ስታይ ትመለሳለች። በማግሥቱም ትወጣለች። ሞቷል አልኳት፤ አውቃለሁ ትለኛለች፤ ግን ትወጣለች። እኔስ? እኔም እኮ ውኃ ልጥድ እነሳለሁ። ስንት ቀን ልቻለው?»

ያንን ድምፅ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሐዘኗ ተኝቶ ኖሮ ነበር፤ ቀሰቀስኩባት። ይህን ግን አላልኳትም። «መንገዱን ያቅናልሽ» አልኳት። ባለቤቴ ግንባሯን ሳሟት። ልጅቷ ከግልገሏ ስትመለስ እናቷ ሄዳለች። የፈለገችውም እንደዚያ ነበር፤ ለቅሶዋን እያየሁ መሄድ አልችልም ብላኝ ነበር። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ፌስታሉን ፈታ ደብተሮቿን በመደቡ ላይ ደረደረች።

በእኛ ቤት የስልክ መስመር አይገባም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግን ይይዛል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከልጅቷ ጋር እንወጣለን። ነፋሱ ያንገላታናል፤ በነጠላዬ ሸፍኛት ድንጋይ ተጠግተን እንቀመጣለን። የመጀመሪያው እሑድ አልደወለችም፤ ሁለተኛውም። ከዚያ አንድ ቀን ደወለች። ከልጅቷ ጋር ስለ ትምህርቷና ስለ ግልገሏ ተጫወቱ። ልጅቷ ደህና ነኝ ትላታለች፣ በልቻለሁ ትላታለች፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትመልሰው። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ።

«እማማ» አለችኝ ምራቴ። የሰው ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው መሰለኝ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እንደው እውነቱን ይንገሩኝ። በደልኩዎት?»

«አልበደልሽኝም» አልኳት። «የራስሽን ነው የሸጥሽው። ማንም ቢናገርሽ እንዲህ ብላለች በይ። አልበደልሽኝም።»

አለቀሰች። ከወዲያ ሰው ጠራት መሰለኝ ቶሎ ዘጋች።

ልጅቷ ከነጠላዬ ሥር ሆና ትሰማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ» አለችኝ፣ «እኔንስ?»

በዚህ አገር ድንበር የተጋፋ፣ በግ የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ ወደ ቤቴ ሲመጣ ኖሯል። ማንንም ያለ ፍርድ መልሼ አላውቅም። ለእሷ የምሰጣት ፍርድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እናቷን በዳይ ልላት አልቻልኩም። አልተበደልሽም ልላትም አልቻልኩም፤ ውሸት ነውና።

«ብርዱ በረታ፤ እንውረድ» አልኳት። እጇን ሰጠችኝና ወረድን።